አባቴ ይረፉ ወይስ ይነሱ? ስለ ጠፈር ማሽን፣ ስለ ፍል ውሃና ከስትሮክ በኋላ ስለ መራመድ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ደከመ። ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒት ይወስዳሉ። አሁን ሰው ሲደግፋቸው ይቆማሉ፤ ከዘራ ይዘውም ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ። ግን አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ ነው የሚውሉት። ሶላት እንኳ ተኝተው ነው የሚሰግዱት። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ ‹ይረፉ፣ አታድክሟቸው› ይላል። ጅዳ ያለው ወንድሜ ናሳ የሠራው ነው የተባለ፣ ሰውን ክብደት አልባ አድርጎ የሚያራምድ ማሽን ቪዲዮ ላከልን። ብር አዋጥተን ውጭ እናሳክማቸው ይላል። እናቴ ፍል ውሃ ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ሐይቅ ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ አራምዷቸው ይላል። ጠፈርና ውሃን ከስትሮክ ጋር ምን አገናኛቸው? የትኛውን እንስማ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አብሽሪ። በአራት ወሩ ከዘራ ይዞ የሚራመድ ሰው ገና ብዙ የሚያሻሽለው ነገር አለው። እኔ ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የማክም ባለሙያ ነኝ። ስለ ማሽኑም፣ ስለ ፍል ውሃውም የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ስለያዘ በሰፊው ልመልሰው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አባትሽ ከአልጋ መነሳት አለባቸው። የማሽኑ ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን ለእሱ ብላችሁ ባሕር መሻገር አያስፈልጋችሁም። ውሃም ይጠቅማል፤ ግን ሐይቁም ፍል ውሃውም ያ ውሃ አይደለም። የጠፈር ምርምሩም የውሃ ሕክምናውም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ሰውነት የሚሸከመውን ያህል ብቻ ነው ጉልበት የሚይዘው። ስለዚህ ክብደት ራሱ መድኃኒት ነው፤ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ልክ ይፈልጋል። ያንን ልክ ቤታችሁ ውስጥ በወንበርና በታጠፈ ጋቢ ማስተካከል ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ጠፈሩን እንይ።

ጠፈር ላይ ሰው ይንሳፈፋል። እግሩ የሚሸከመው ነገር የለም። ጀርባው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያስገድደው የለም። ልቡም ደምን ወደ ላይ ለመግፋት አይታገልም። ላየው ሰው ትልቅ እረፍት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለት የሶቪየት ጠፈርተኞች፣ አንድሪያን ኒኮላየቭና ቪታሊ ሴቫስቲያኖቭ፣ ሶዩዝ 9 በምትባል ጠባብ መንኮራኩር ውስጥ 18 ቀን ገደማ ቆዩ። ሲመለሱ ሰው ሳይደግፋቸው መቆም አቃታቸው። እነዚህ ተመርጠው፣ ተፈትነው፣ ለዓመታት የሠለጠኑ ጤነኛ ወንዶች ናቸው። ስትሮክ አልመታቸውም፣ ስብራትም የለባቸውም። ሦስት ሳምንት እንኳ ላልሞላ ጊዜ እግራቸው ሥራ ፈታ፤ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ጠፈር ላይ ስፖርት እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ የግዴታ ሆነ። ቫለሪ ፖልያኮቭ የተባለው ሩሲያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1995 ድረስ ሚር በተባለው ጣቢያ 437 ቀን በተከታታይ ኖረ። በየቀኑ ሰውነቱን ሲያሠራ ነበር የከረመው። መሬት ሲደርስ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ አጠገቡ ወደተዘጋጀለት ወንበር በእግሩ ሄደ። አሥራ ስምንት ቀን የቆዩት መቆም ያቅታቸዋል፣ ከዓመት በላይ የቆየው ይራመዳል። ይህን ታሪክ ‹ይረፉ› ለሚሉ ቤተሰቦች ሁሉ እነግራለሁ። ዛሬም በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ሰዎች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለስፖርት ይመደብላቸዋል። በላስቲክ ታስረው ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ይሮጣሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ክብደት በማንሳት ፋንታ ቫኪዩም ያለበት (ውስጡ አየር አልባ የሆነ) ሲሊንደር እየሳቡ ይታገላሉ።

ስለ አጥንትም ልጨምር። በቂ ስፖርት ካልሠራ አንድ ጠፈርተኛ ከዳሌውና እሱን ከመሰሉ ክብደት ተሸካሚ አጥንቶቹ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣል። አንድ አረጋዊ ምድር ላይ በዓመት የሚያጣውን ያህል በአንድ ወር ማለት ነው። አጥንት እንደ እግር መንገድ ነው፤ ሰው ካልረገጠው ሣር ይውጠዋል። የአባትሽ ቀኝ እግር አሁን የማይረገጥ መንገድ ሆኗል። ስትሮክ የመታው ሰው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በደከመው ጎኑ ነው፤ የሳሳው አጥንትም ያለው እዚያው ጎን ነው። ዳሌ ተሰብሮ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የጠፈር ሰዎች ይህን ለማጥናት ሁሌ ሰው ወደ ላይ መላክ አይችሉም። ስለዚህ አልጋን ተጠቀሙ። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን ራሳቸውን በ6 ዲግሪ ወደ ታች ዘቅዘቅ አድርገው ያስተኟቸዋል። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የጠፈር ምርምር ማዕከል 60 ቀን ሙሉ እንዲህ የተኙ ሰዎች አሉ። ምግብም፣ መታጠብም፣ መጸዳዳትም ተኝቶ ነው። ዓላማው ሰውነትን ጠፈር ላይ እንዳለ አድርጎ ማዳከም ነው። አስቢው እስቲ። የጠፈርን ጉዳት ምድር ላይ ለማምጣት ሲፈልጉ ያገኙት መሣሪያ አልጋ ነው! እኛ ደግሞ እሱኑ በፍቅር ለታማሚ እናነጥፋለን።

እንዲያውም ከዚያ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት የ20 ዓመት ጎረምሶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደርጎ ነበር። የልባቸውና የትንፋሻቸው አቅም በጣም ወረደ። እነዚያው አምስት ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ50 ዓመታቸው፣ ተመልሰው ተመረመሩ። የሦስት ሳምንቱ አልጋ ያደረሰው ጉዳት የ30 ዓመት እርጅና ካደረሰው ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማካይ 67 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን አስተኛ። ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። በአሥር ቀን! አባትሽ አራት ወር ሆኗቸዋል።

ስለዚህ ‹ሰንፈዋል፣ አልነሳም ይላሉ› የሚል ሰው ካለ አትስሚው። ከስድስት ወር የጠፈር ቆይታ የተመለሰ ጠፈርተኛ እንኳ 45 ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ነው ወደ ቀድሞ አቅሙ የሚመለሰው። ሚዛኑ ይዛባል፣ ጥግ ሲዞር ይንገዳገዳል፣ በድንገት ሲቆም ያዞረዋል። አባትሽም አልጋው በራሱ ያመጣባቸው ድካም ከስትሮኩ ላይ ተደርቦባቸዋል። የስትሮኩን ጉዳት ሁሉ መመለስ አይቻል ይሆናል። አልጋው ያመጣውን ግን በአብዛኛው መመለስ ይቻላል።

እረፍት ሁሌ መጥፎ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነና ከ2,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት አለ። ስትሮክ ከመታ በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በኃይል ማንቀሳቀስ ውጤቱን ትንሽ አባብሶት ነበር። ልክ ይፈልጋል ያልኩት ለዚህ ነው። አራት ወር ላይ ግን ያ የመጀመሪያው ቀን ካለፈ ቆይቷል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ማሽን።

ቪዲዮው ላይ ያያችሁት አልተር-ጂ የሚባለው ወይም እሱን የመሰለ ትሬድሚል ሳይሆን አይቀርም። አመጣጡ ደስ ይለኛል። ሮበርት ዌለን የተባለ የናሳ ተመራማሪ ጠፈርተኛው ትሬድሚል ላይ ሲሮጥ እንደ ምድር ክብደት እንዲሰማው ይፈልግ ነበር። በአየር ግፊት ወደ ታች የሚጫን ነገር አሰበ። በኋላ ልጁ ሐሳቡን ገለበጠው። የአየር ግፊቱ ወደ ታች መጫኑ ቀርቶ ወደ ላይ ቢያነሳስ? ሰውየው ከወገቡ በታች አየር በተሞላ ድንኳን ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ከፍ ያደርገዋል። እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ክብደት ያነሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ብቻ ተሸክሞ ይራመዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና እንዲውል ተፈቀደ። ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ እግሩ ተሰብሮ ገና ሙሉ ክብደት መጣል ለማይችል፣ ወይም መውደቅ በጣም ለሚፈራ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። አያያዙ ያስቀናል እንጂ አያስነቅፍም።

ታዲያ አባትሽን ለምን አትውሰዷቸው እላለሁ? አሜሪካ ውስጥ በ408 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ስላለ ነው። የተወሰኑት ክብደታቸው በቀበቶ ከላይ ተይዞላቸው ትሬድሚል ላይ ሠለጠኑ። የተቀሩት ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው ድረስ እየሄደ የጡንቻና የሚዛን እንቅስቃሴ አሠራቸው፤ ምንም ውድ ዕቃ የለም። ከዓመት በኋላ ሲለኩ ከታማሚዎቹ 52 በመቶው አረማመዳቸው በደንብ ተሻሽሎ ነበር። በማሽኑና በቤቱ መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። የዚያ ጥናት ማሽን አየር የሚጠቀመው ዓይነት አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ያው ክብደትን መቀነስ ነው። ይህን ለወንድምሽ አንብቢለት። ገንዘቡን ለማባከን ሳይሆን ከልቡ አባቱን ሊረዳ ነውና ያሰበው፣ ብሩ የት ቢውል እንደሚሻል ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የሶቪየት ጠፈርተኞች ላስቲክ የተሰፋበት ‹ፔንግዊን› የሚባል ልብስ ነበራቸው፤ ሰውነትን እየጨመቀ ጡንቻ እንዲሠራ ያስገድዳል። ከእሱ የተወለደ ልብስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴሬብራል ፖልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ልጆች መጣ። እናቶች በስልካቸው ቪዲዮውን እያሳዩኝ ይጠይቁኛል። የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲታዩ ልጁን የሚጠቅመው በዋናነት አብሮት የሚሠራው እንቅስቃሴ ነው፤ ልብሱ የጨመረው ነገር ያን ያህል አልታየም። ስለዚህ ልብሱን አላገኘሁም ብላ የምትተክዝ እናት ካለች ይህን ትስማልኝ።

ውሃና ጠፈር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሂዩስተን ከተማ ናሳ 62 ሜትር ርዝመት፣ 31 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለው። ጠፈርተኞች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው እዚያ ውስጥ ገብተው ከጣቢያ ውጭ የሚሠሩትን ሥራ ይለማመዳሉ። ምድር ላይ ክብደት አልባነትን ለረጅም ሰዓት ለመለማመድ ውሃን የሚተካከል ስለሌለ ነው።

እኛ ውሃን የምንጠቀመው ግን ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አይደለም። ለመመጠን ነው። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። እስከ ደረቱ ሲገባ ሲሶው ገደማ ይቀራል። እስከ አንገቱ ሲደርስ አንድ አሥረኛ ያህል። 70 ኪሎ የነበረው ሰው 35፣ ከዚያ 23፣ ከዚያ 7 ኪሎ ይሆናል። ፊዚዮቴራፒስቱ ታማሚውን መጀመሪያ ጠለቅ ካለው ቦታ ያስጀምረውና እግሩ እየጠነከረ ሲሄድ ወደ ጎድጓዳ ያልሆነው ያወጣዋል። የአልተር-ጂ ቁልፍ የሚሠራውን ሥራ የገንዳው ጥልቀት ይሠራዋል።

ውሃ ከማሽን የሚበልጥበትም ነገር አለው። በየአቅጣጫው ይቃወማል። እጅሽን ውሃ ውስጥ በእጥፍ ፍጥነት ብታንቀሳቅሺው የሚቃወምሽ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የደከመ ሰው ቀስ ይላል፣ የበረታ ይፈጥናል፤ ልኩን ራሱ ያገኘዋል። ሰው ሚዛኑን ሲስት ደግሞ ውሃው ቀስ አድርጎ ነው የሚጥለው። ያቺ ትርፍ ሰከንድ ለስትሮክ ታማሚ ትልቅ ነገር ናት፤ ራሱን መልሶ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ሙቀቱ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ የተገተረ ጡንቻንም ያላላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፖሊዮ ካሰነከላቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ጆርጂያ ፍል ውሃ ሄደው በውሃው ውስጥ መቆም ስለቻሉ ቦታውን የሕክምና ማዕከል አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄምስ ማክሚላን የተባለ እንግሊዛዊ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ያለ ተንሳፋፊ ዕቃ ሚዛን የሚያስተምርበትን ሃሊዊክ የሚባል ዘዴ ለንደን ውስጥ ጀመረ። ዛሬም እንጠቀምበታለን። ለስትሮክ የተደረጉት የውሃ ጥናቶች ለሚዛንና ለአረማመድ መጠነኛ ጥቅም ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም የተሻለ ማስረጃ አለ።

ውሃ የዋህ ይመስላል እንጂ ልብን ያሠራል። አንገት ድረስ የገባ ሰው ከእግሩና ከሆዱ 700 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ወደ ደረቱ ይገፋበታል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። የደከመ ልብ ወይም ቁጥጥር ያጣ ደም ግፊት ያለው ሰው ግን ሐኪም ሳያየው መግባት የለበትም። የሚጥል በሽታ፣ ያልዳነ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ያለበትም እንዲሁ።

አሁን እናንተ ያሰባችኋቸውን ውሃዎች እንይ።

ሐይቅ ይቅርባችሁ። ቦታው ያምራል፤ ለመንፈስ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ጥሩ ነው። ውሃው ውስጥ ግን መሬቱ ጭቃና ወጣ ገባ ነው፤ በድንገት ይጠልቃል። አንድ እግሩ የማይታዘዘው ሰው እዚያ የሚይዘው ነገር የለውም። በዚያ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ከሐይቅ እስከ ሐርቡና ከሚሴ ድረስ በዚህ በኛ አካባቢ በሽታው የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣ ውስጥ ያደገው ጥገኛ ተሕዋስ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ቦርከና ወንዝ ደግሞ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚቀበል ጭራሽ አይታሰብም።

የእናትሽን ፍል ውሃ በአክብሮት ነው የማየው። ሙቀት ያፍታታል፣ ሰው ይቀልለዋል። አባትሽ ግን ሁለት አደጋ አለባቸው። አንደኛው፣ ስትሮክ የመታው ጎን ብዙ ጊዜ ሙቀትን በደንብ አይለይም። እግራቸው እየተቃጠለ ላያውቁት ይችላሉ። ሁለተኛው፣ በጣም ሞቃት ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከውሃው ብድግ ሲል ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። እናትሽ በጣም ከፈለጉና የአባትሽ ሐኪም ከፈቀደ ውሃው ከ38 ዲግሪ በታች መሆኑን በቴርሞሜትር አረጋግጡ፤ ከሌለ ጤነኛ ሰው በክንዱ ይሞክረው። ተቀምጠው፣ እስከ ወገብ ብቻ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳያልፍ። ሲወጡ ሁለት ሰው ይደግፋቸው። መድኃኒት አይቋረጥም። ይህ ለመዝናናት ነው እንጂ እግራቸውን የሚያጠነክረው እሱ አይደለም፤ ተቀምጦ መዘፍዘፍ ጡንቻ አያሠራም።

የሆቴል መዋኛስ? ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ስለምትል ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ካልሞቀ ገንዳ ተጠንቀቁ። ቀዝቃዛ ውሃ የተገተረውን ጡንቻ ይብስ ያስገትረዋል፣ ግፊትም ይጨምራል። የሚያዝ ብረትና ሰፊ ደረጃ ያለው፣ ጥልቀቱ ደረት የማያልፍ፣ ውሃው ሞቅ ያለና ንጹሕ ገንዳ ካገኛችሁ፣ ፊዚዮቴራፒስት አብሯችሁ ገብቶ መጀመር ትችላላችሁ። ለጊዜው ግን እሱን አትጠብቁ።

ቤት ውስጥ የሚደረገውን በደንብ ያዢልኝ።

አልጋ ለሌሊትና ከምሳ በኋላ ለአጭር እረፍት ብቻ ይሁን። ምግብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ። ሶላቱንም ከአልጋ ወደ ወንበር አሸጋግሩላቸው፤ ተቀምጦ መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ ነው፣ ዝርዝሩን ኢማማችሁ ከእኔ በላይ ያስረዷችኋል። እኔ ሶላትን የምፈልገው እንደ ሰዓት ደወልም ነው። በቀን አምስት ጊዜ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል፣ ማንም አይረሳውም። ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት አምስት ጊዜ ከወንበር ይነሱና ይቀመጡ። በቀን ሃያ አምስት ይሆናል።

ወንበሩ ጠንካራና መደገፊያ ያለው ይሁን። ግድግዳ ይደገፍ። መቀመጫው ላይ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከፍ አድርጉት። መቀመጫው ከፍ ባለ ቁጥር ለመነሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ማሽኑ በአየር፣ ገንዳው በጥልቀት የሚያደርገውን ልኬት እናንተ በጋቢ አደረጋችሁት። ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ግራውን ትንሽ ወደ ፊት አድርጉ፤ ያኔ የደከመው እግር ሸክሙን መሸሽ አይችልም። ጎንበስ ይበሉ፣ አፍንጫቸው ከጣቶቻቸው በላይ ይድረስ፣ ከዚያ ይነሱ። ትንፋሽ እንዳይዙ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ትልቁ ሥራ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ቀላል ሲሆንላቸው ወደ ስምንት፣ ወደ አሥር ከፍ አድርጉ። ከዚያ ጋቢውን አንድ እጥፍ ቀንሱ።

ሁለተኛው ሥራ ከባድ ጠረጴዛ ይዞ መቆም ነው። ክብደታቸውን ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ያዘንብሉ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ይመለሱ። ሲለምዱት ግራ እግራቸውን ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ ያውጡ፤ ለዚያች ቅጽበት መላ ሰውነታቸውን የሚሸከመው ቀኙ ነው። የሚረዳቸው ሰው በቀኝ በኩል ቆሞ ወገባቸውን ወይም ቀበቷቸውን ይያዝ። ቀኝ ክንዳቸውን እባካችሁ አትጎትቱ። የደከመ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሥራውንም ያቆማል። ከዘራው በግራ፣ በጤነኛው እጅ ነው። ሸበጥ አውልቁና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጉላቸው።

ጠያቂዎቹንም ሥራ ስጧቸው። የኛ አገር ሰው ታማሚ መጠየቅ ያውቅበታል፤ ቤታችሁ ሰው እንደማይጠፋ አልጠራጠርም። ‹ይረፉ› ያለ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት አባትሽን እስከ ግቢው በር አድርሶ ይመልሳቸው። የቆየ የሹፌር ጓደኛ ካላቸው ከልጆቻቸው ይልቅ እሱን ይሰሙታል። ይህን ስል በቁም ነገር ነው፤ የተጨነቀ ቤተሰብ ሲያግባባቸው እምቢ ያሉ ሰዎች ጓደኛ ሲመጣ ሲነሱ አያለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግፊታቸውን ለኩ። ከ180 በ110 በላይ ከሆነ በዚያ ሰዓት እንቅስቃሴ የለም፤ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። በየጊዜው ከ140 በ90 በላይ የሚሆን ከሆነ መድኃኒቱ እንዲታይላቸው ለሐኪም ንገሩ። ሌላ ስትሮክ እንዳይመጣ የሚያደርገው ከሁሉም በፊት ይኼ ነው። ሲሠሩ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ልኩ ደህና ነው። ትንሽ ዐርፈው ድካሙ ካለቀቃቸው በዝቷል፣ ቀንሱ። የደረት ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መወላገድ ወይም አዲስ ድካም ከታየ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል።

የወንድምሽን ብር በተመለከተ። መጀመሪያ ጥሩ የግፊት መለኪያ ይግዛ። የግፊት መድኃኒቱ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ ለዓመት የሚሆነውን ይመድብ። ሽንት ቤት ድረስ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት አስበይዱ፤ ብየዳ ቤት በአንድ ቀን ይሠራዋል። የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ከሌለ መቀመጫ አሠሩ። ከዚያ የሚተርፈው ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቤት እየመጣ እንዲያሠራቸው ይዋል። የዚያ 408 ሰው ጥናት የቤት ቡድን ያገኘው ይህንን ነው፤ ብቻውን የተተወ አልነበረም፣ እንቅስቃሴውን የሚያከብድለት ባለሙያ ነበረው።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሃረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ደሴ አምጧቸው። ሲራመዱ የቀኝ እግራቸው ጣት መሬት የሚጎትት ከሆነ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል እንዲህ ያለውን ይሠራል። ከከዘራ ይልቅ አራት እግር ያለው ምርኩዝ ይሻላቸው እንደሆነም እዚያው ይታያል።

ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር መዝግቢልኝ። አንደኛው በየቀኑ ጠዋት የተለካ ግፊት ነው። ሁለተኛው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስተው ለመቀመጥ የሚፈጅባቸው ሰከንድ፤ በስልክሽ ለኪው፣ ጋቢው ስንት እጥፍ እንደነበረም ጻፊበት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ የራስ ምርመራ ሲቲ ስካን ፊልም ካለም አትርሱት። የሚለብሱት ሱሪ ጉልበት ድረስ የሚሰበሰብ ሰፊ ይሁን።